ስትሪንግ ማያያዝ በኤቲሜጋ328ፒ አሴምብሊ፦ የትኛው መንገድ ለየትኛው ሥራ?

ለደብረ ብርሃን ዙሪያ ገበሬ የውርጭ ማስጠንቀቂያ የሚልክ ትንሽ ሣጥን ልትሠሩ ነው እንበል። ውስጡ ኤቲሜጋ328ፒ አለ፤ አርዱይኖ ኡኖ ላይ የምናውቀው ያው ቺፕ ነው። ሴንሰሩ ሁለት ቁጥር ይሰጣችኋል። እናንተ ደግሞ ቁጥሮቹን በቃላት መሃል አስገብታችሁ እንዲህ ያለ አንድ ስትሪንግ (የፊደልና የቁጥር ተርታ) ማውጣት አለባችሁ፦

ደብረ ብርሃን፣ ሙቀት 07፣ እርጥበት 61

በሲ ብትጽፉት የጥቂት መስመር ጉዳይ ነው። የቺፑን ትእዛዞች አንድ በአንድ በሚጽፉበት በአሴምብሊ ግን ቢያንስ አራት አምስት መንገድ አለ፤ እያንዳንዱም የራሱ ተከራካሪ አለው። አንዱ "ርዝመቱን ቁጠር" ይላል፣ ሌላው "ሉፑን (ተደጋጋሚውን ዙር) ዘርጋው" ይላል፣ ሦስተኛው "ፍላሽ ላይ አስቀምጠው" ይላል። ሁሉም ከፊል እውነት አላቸው። የቱ ለእናንተ ሥራ እንደሚሆን ለመለየት አንድ መልእክት ይዘን በሁሉም መንገድ እናሳልፈው።

ይህ ቺፕ ለእንዲህ ያለ ንጽጽር ይመቻል። ካሽ (ጊዜውን የሚያለዋውጥ ፈጣን መሸጋገሪያ ሜሞሪ) የለውም። አንድ ትእዛዝ ስንት ሳይክል (የቺፑ ሰዓት ምት) እንደሚወስድ የአምራቹ ሰነድ፣ ዳታሺቱ፣ ላይ ተጽፏል፤ ወረቀት ላይ የደመራችሁት ቦርዱ ላይም ያው ነው። በ16 ሜጋኸርዝ 16 ሳይክል ማለት 1 ማይክሮሰከንድ ነው። በቃ።

## መጀመሪያ መመዘኛው

ብዙ ሰው "የቱ ይፈጥናል?" ብሎ ይጀምራል። እኔ ፍጥነትን ሦስተኛ ላይ ነው የማስቀምጠው።

መጀመሪያ የሚጠየቀው ስትሪንጉ የት እንደሚሄድ ነው። በሲሪያል መስመር ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሞደም ነው? በሬዲዮ ነው? ኤስዲ ካርድ ላይ ነው? ከታች እንደምታዩት የዚህ መልስ ብቻውን ከምርጫዎቹ ግማሹን ይጥላል።

ሁለተኛው ኤስራም፣ ማለትም ፕሮግራሙ ሲሮጥ የሚሠራበት ሜሞሪ፣ ነው። ቺፑ ፕሮግራሙ የሚቀመጥበት 32 ኪሎባይት ፍላሽ አለው፣ ኤስራሙ ግን 2 ኪሎባይት ብቻ ነው፤ ማለትም 2048 ባይት። ስታክ (የመመለሻ አድራሻዎች የሚቀመጡበት)፣ ተለዋዋጮች፣ በፈር (መልእክቱ የሚሰበሰብበት ቦታ)፣ ሁሉም የሚኖሩት እዚያች ውስጥ ነው። አማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ነገሩ ይጠብቃል። ፊደልን በባይት በምንጽፍበት በተለመደው ኮድ፣ በዩቲኤፍ-8፣ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይበላል። "ሙቀት" የሚለው ቃል ሦስት ፊደል ቢሆንም 9 ባይት ነው። በእንግሊዝኛ ምሳሌ የተጻፉ የበፈር መጠኖችን እንዳሉ ብትቀዱ ቶሎ ይሞሉባችኋል።

ሦስተኛው ሳይክል ነው። አራተኛው፣ በፈሩ ሲሞላ ምን እንደሚሆን ነው። ይህ ቺፕ ሜሞሪውን የሚጠብቅለት ዘበኛ የለውም። በፈሩን አልፋችሁ ብትጽፉ ዝም ብሎ ይጽፋል፤ መጀመሪያ የጎረቤት ተለዋዋጭ ይበላሻል። ስታኩ ከላይ ወደ ታች ስለሚያድግ መጨረሻ ላይ የመመለሻ አድራሻ ላይ ትወጣላችሁ። ከዚያ ፕሮግራሙ የት እንደሚሄድ ማንም አያውቅም።

የኮድ መጠንን ከመመዘኛ አውጥቼዋለሁ። ከዚህ በታች ያሉት ሩቲኖች (ትናንሽ የኮድ ክፍሎች) አብዛኞቹ ከ12 እስከ 22 ባይት ናቸው። ከ32 ኪሎባይት ፍላሽ ላይ ይህ አይቆጠርም።

## የምንለካበት መልእክት

መልእክቱ አምስት ቁራጭ አለው። "ደብረ ብርሃን" ሰባት ፊደልና አንድ ክፍት ቦታ ነው፤ 22 ባይት። "፣ ሙቀት " ከነክፍት ቦታዎቹ 14 ባይት። "07" 2 ባይት። "፣ እርጥበት " 20 ባይት። "61" 2 ባይት። ድምሩ 60 ባይት ይመጣል፤ ማብቂያ ዜሮው (ስትሪንጉ ማለቁን የሚያሳየው 0 ባይት) ሲጨመር 61።

የሩቲን መጥሪያና መመለሻን፣ የቁራጩን አድራሻ ሬጂስተር (ቺፑ ውስጥ ያለች ፈጣን መያዣ) ላይ መጫኛንም ከሂሳቡ አውጥቻቸዋለሁ። በሁሉም ላይ ተመሳሳይ ስለሆኑ ንጽጽሩን አይለውጡም።

## አንደኛው፦ ሁልጊዜ ከመነሻ መፈለግ

በሲ ስትሪንግ የሚያያይዘው ስትርካት የሚሠራው እንዲህ ነው። የበፈሩን መነሻ ይይዛል፣ ዜሮ እስኪያገኝ ድረስ ይሄዳል፣ ከዚያ አዲሱን ቁራጭ ይቀጥላል። ቀጣዩ ቁራጭ ሲመጣ እንደገና ከመነሻ ይጀምራል። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሹፌር ጣርማ በር ሰው ካወረደ በኋላ ደብረ ብርሃን ተመልሶ ተነስቶ ደብረ ሲና እንደመሄድ ነው።

በሳይክል እንየው። ዜሮ መፈለጊያው ሉፕ ሦስት ትእዛዝ አለው፦ ማንበቢያው ኤልዲ 2 ሳይክል፣ መፈተሻው ቲኤስቲ 1፣ ተመላሹ ቢአርኤንኢ 2። በባይት 5 ሳይክል ማለት ነው። መቅጃው ሉፕ ላይ የመጻፊያው ኤስቲ 2 ሳይክል ይጨመርና 7 ይሆናል።

ለአምስቱ ቁራጭ ፍለጋው ብቻ 159 ባይት ላይ ይመላለሳል። ፍለጋው ዜሮው ላይ መመለሻውን ጨምሮ 800 ሳይክል፣ ቅጂው 450 ሳይክል፤ ድምሩ 1250። ከሥራው ሁለት ሦስተኛ ገደማው የሚያውቀውን ቦታ ደግሞ መፈለግ ነው። ቁራጩ በበዛ ቁጥር ደግሞ ይብሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። ለዚህ ቺፕ የሚያገለግለው የሲ ላይብረሪ ውስጥ ስትርካት ራሱ የተጻፈው በአሴምብሊ ነው። ከሲ ብትጠሩትም የሚሮጠው ያው ሉፕ ነው። ስለዚህ "ስትርካትን በአሴምብሊ ደግሜ ልጻፈውና ይፍጠን" የሚል ዕቅድ ካላችሁ ጊዜያችሁን አታጥፉ። የሚፈጥነው መንገዱ ሲቀየር እንጂ ቋንቋው ሲቀየር አይደለም።

የሚያዋጣበት ጊዜ አለ? አለ። ሁለት አጫጭር ቁራጭ ብቻ፣ በቀን ጥቂት ጊዜ፣ ፕሮግራሙ በሲ ከተጻፈ ተዉት፤ ይሠራል።

## ሁለተኛው፦ ጫፉን መያዝ

የመድረሻውን አድራሻ የያዘው፣ ኤክስ የሚባለው ፖይንተር መቅዳት ሲጨርስ በፈሩ ጫፍ ላይ ቆሟል። ለምን እንጥለዋለን? ለቀጣዩ ቁራጭ እንዳለ እናቆየው። መቅጃው ሉፕ ማብቂያ ዜሮውንም ስለሚቀዳ ኤክስ አንድ ባይት ያልፋል፤ በኤስቢአይደብልዩ አንድ ወደኋላ መመለስ ነው፤ 2 ሳይክል።

ፍለጋው ሙሉ በሙሉ ይጠፋል። የቀረው 450 ሳይክል የቅጂ እና 10 ሳይክል የመመለሻ ነው፤ 460። ከ1250 ወደ 460። ኮዱም ያጥራል፦ የመጀመሪያው ሩቲን 18 ባይት ነበር፣ ይህ 12 ባይት ነው። ፈጣኑ አጭር ሲሆን ምን ይባላል?

ይህን ከሲ ጋር ቀላቅላችሁ ከጻፋችሁ ሁለት ሕግ አትርሱ። ዋይ ፖይንተርን ከነካችሁ አስቀምጣችሁ መልሱት፤ ሲውን ወደ ቺፑ ትእዛዝ የሚቀይረው ኮምፓይለር ዋጋው እንዳልተለወጠ ይቆጥራል። አር1 የሚባለው ሬጂስተር ደግሞ ሁልጊዜ ዜሮ ነው ብሎ ኮምፓይለሩ ያምናል። የማባዣው ትእዛዝ ውጤቱን አር0 እና አር1 ላይ ስለሚጥል፣ ሩቲናችሁ ውስጥ ካባዛችሁ ከመውጣታችሁ በፊት አር1ን አጽዱት። ይህን መርሳት የሚያመጣው ጣጣ ከቦታው ርቆ ስለሚታይ ስሕተቱን ለማግኘት ቀን ሙሉ ሊፈጅ ይችላል።

ጫፉን መያዝ ሌላ በረከትም አለው። ቁጥሩን ወደ ጽሑፍ የሚቀይረው ሩቲን በቀጥታ ኤክስ ላይ መጻፍ ይችላል። "07"ን መጀመሪያ ትንሽ በፈር ላይ ጽፎ፣ ከዚያ ወደ ትልቁ መቅዳት አያስፈልግም። ይህ ቺፕ የማካፈያ ትእዛዝ የለውም፤ ከ0 እስከ 99 ላለ ቁጥር ግን 10ን ደጋግሞ መቀነስ በቂ ነው። የተቀነሰበት ብዛት አሥርቱ ነው፣ የተረፈው አንዱ ነው። በሁለቱም ላይ 48 ደምሮ ኤክስ ላይ መጻፍ። አለቀ።

በፈሩ እንዳይሞላ መጠበቅ ከፈለጋችሁ ሉፑ ውስጥ ኤክስን ከገደቡ ጋር የሚያወዳድሩ ሦስት ትእዛዞች ይጨመራሉ፤ በባይት 3 ሳይክል። ድምሩ 655 ይሆናል። ልብ በሉ፦ ጠባቂ ያለው ሁለተኛው መንገድ ጠባቂ ከሌለው አንደኛው በግማሽ ገደማ ይፈጥናል። "ፍተሻ ፍጥነት ይገድላል" የሚለው ሰበብ እዚህ አይሠራም።

## ሦስተኛው፦ በርዝመት መቅዳት

እዚህ ቁራጩ ማብቂያ ዜሮ አያስፈልገውም። ርዝመቱ አስቀድሞ ይታወቃል፤ አንድ ሬጂስተር ላይ ጭነን ወደ ታች እንቆጥራለን።

በርዝመት ስለሆነ ብቻ በጣም የሚፈጥን ይመስላል። አይደለም። ቲኤስቲ ይወጣና በቦታው መቁጠሪያው ዲኢሲ ይገባል። ሁለቱም 1 ሳይክል ናቸው። በባይት 7 ሳይክል ነበር፣ አሁንም 7 ነው። ድምሩ 420 ገደማ ይመጣል፤ ትርፉ የአምስቱን ማብቂያ ዜሮ አለመቅዳት ነው።

ፍጥነቱ የሚመጣው ሉፑ ሲዘረጋ ነው። ሁለት ባይት ቀድቶ አንዴ ቢቆጥር፣ ለጥንዱ 11 ሳይክል ይሆናል። የእኛ ቁራጮች ርዝመት 22፣ 14፣ 2፣ 20 እና 2 ነው። እንደ አጋጣሚ ሁሉም ጥንድ ናቸው። ስለዚህ ድምሩ 330 ገደማ ይሆናል። አራት አራት ብንዘረጋ በባይት 4.75 ይደርሳል፣ ስምንት ስምንት ብንዘረጋ ወደ 4.4 ይወርዳል። ከ4 ግን አይወርድም፤ ማንበብ 2፣ መጻፍ 2፣ ይህ የቺፑ ወለል ነው። በዚህ ቺፕ በአንዴ ሁለት ባይት የሚያነብ ትእዛዝ የለም።

ለአማርኛ የሚመጥን ዝርግ ሦስት ሦስት ነው። አንድ ፊደል 3 ባይት ስለሆነ አንድ ዙር አንድ ፊደል ይቀዳል፦ 15 ሳይክል በፊደል፤ ባይት በባይት ከሆነው 21 ጋር ስታወዳድሩት ጥሩ ነው። ችግሩ ተራው ክፍት ቦታ 1 ባይት መሆኑ ነው። ሁለት ነጥብ "፡" ግን እንደ ፊደሎቹ 3 ባይት ነች። ቃላቱን በሁለት ነጥብ ብትለዩ ጽሑፉ ሁሉ በሦስት ይካፈላል። ለዓይን ግን ዛሬ ትንሽ እንግዳ ነው፤ ለ100 ምናምን ሳይክል ሲባል አንባቢን አላስቸግርም።

የዝርጉ ድክመት የሚታየው በውርጭ ሌሊት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በኅዳር ሌሊት ሙቀቱ ከዜሮ ሊወርድ ይችላል። "07" የነበረው "-03" ይሆናል፤ 2 ባይት የነበረው 3። "ሁሉም ጥንድ ነው" ብሎ የተጻፈ ሩቲን በዚያ ሌሊት፣ ማስጠንቀቂያው በሚፈለግበት ሰዓት፣ የተበላሸ መልእክት ይልካል። የተዘረጋ ሉፕ ከጻፋችሁ ለትራፊው ባይት መውጫ አበጁለት። ወይም ዝርጉን ለማይለወጡት ቃላት ብቻ ተጠቀሙበት፤ ቁጥሩን በሁለተኛው መንገድ በቀጥታ ጻፉት። እኔ የምመርጠው ይህን ነው።

ታዲያ ርዝመት የማወቅ ዋናው ጥቅም ምንድን ነው? ጥበቃ ነው። በየባይቱ ከመፈተሽ ይልቅ ቁራጩ ከመቀዳቱ በፊት አንዴ "የቀረው ቦታ ይበቃል ወይ?" ብሎ መቀነስ ይቻላል። ለቁራጭ ሁለት ሳይክል። ቁራጩ ካልገባ ሙሉ በሙሉ ይቀራል፤ ግማሽ ፊደል አይቆረጥም።

ግማሽ ፊደል ቀልድ አይደለም። የ3 ባይት ፊደል ሁለተኛው ባይት ላይ ከተቆረጠ ተቀባዩ ስልክ ወይም ስክሪን ላይ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሣጥን ይወጣል። መቁረጥ ግድ ከሆነ ከመቁረጫው ቦታ ወደኋላ ሂዱ፤ ዋጋው ከ128 እስከ 191 የሆነ ባይት የፊደል መካከለኛ ወይም መጨረሻ ነው። የተለመዱት የአማርኛ ፊደሎች መጀመሪያ ባይታቸው 225 ነው። 225 ላይ ስትደርሱ ከእሱ በፊት ቁረጡ።

በርዝመት መቅዳት ግዴታ የሚሆንበት አንድ ቦታ አለ። የአማርኛ ኤስኤምኤስ ውስጡ በዩቲኤፍ-8 አይሄድም፤ እያንዳንዱ ፊደል በ2 ባይት ይኮደዳል፣ ለዚህም ነው አንድ መልእክት 160 ሳይሆን 70 ፊደል ብቻ የሚይዘው። በ2 ባይቱ ኮድ ውስጥ ደግሞ ዜሮ ባይት ይገባል። ክፍት ቦታ 0 እና 32 ነው። "ሀ" 18 እና 0 ነች። "ጀ" 19 እና 0 ነች። ስለዚህ "ጀማ" ብላችሁ የወንዙን ስም ብታያይዙ፣ በማብቂያ ዜሮ የሚሠራው ሩቲን ሁለተኛው ባይት ላይ "አለቀ" ብሎ ይቆማል። ዩቲኤፍ-8 ላይ ይህ ችግር የለም፤ በፊደል ባይቶች መካከል ዜሮ አይገባም።

## አራተኛው፦ ከፍላሽ በቀጥታ

ይህ ራሱን የቻለ መንገድ ሳይሆን በሁለተኛውና በሦስተኛው ላይ የሚደረብ ነው። "ደብረ ብርሃን"፣ "፣ ሙቀት " እና "፣ እርጥበት " አይለወጡም። ኤስራም ላይ ምን ያደርጋሉ? ፍላሽ ላይ ይቀመጡ፤ ሲፈለጉ በኤልፒኤም ይነበቡ።

ኤልፒኤም 3 ሳይክል ነው፣ ከኤልዲ በ1 ይበልጣል። ሦስቱ ቁራጮች ከነማብቂያ ዜሯቸው 59 ባይት ስለሆኑ ሁለተኛው መንገድ ከ460 ወደ 519 ይወጣል። በምላሹ 59 ባይት ኤስራም ነጻ ይሆናል። ወደ 4 ማይክሮሰከንድ ከፍሎ 59 ባይት ማግኘት እዚህ ቺፕ ላይ ርካሽ ግዢ ነው። የማስጠንቀቂያ ቃላቶቻችሁ በበዙ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል።

ሦስት ወጥመድ አለው። ኤልፒኤም የሚሠራው በዜድ ፖይንተር ብቻ ነው፤ ስለዚህ ዜድን ለምንጭ፣ ኤክስን ለመድረሻ መድቡ። ሁለተኛ፣ በቺፑ አምራች አሴምብለር (አሴምብሊውን ወደ ቺፑ ኮድ በሚቀይረው ፕሮግራም) የፍላሽ አድራሻ የሚቆጠረው በ2 ባይት ነው፤ ዜድ ላይ ስትጭኑ በ2 ማባዛት አለባችሁ። በጂኤንዩ አሴምብለር ግን አድራሻው በባይት ስለሆነ አይባዛም። ከአንዱ ወደ ሌላው ኮድ የሚቀዳ ሰው እዚህ ይወድቃል፤ የሚነበበው ሌላ ቦታ ያለ ቆሻሻ ነው። ሦስተኛ፣ የባይቶቹ ብዛት ጎዶሎ ከሆነ የአምራቹ አሴምብለር መስመሩ መጨረሻ ላይ አንድ ዜሮ ይጨምራል። አንድን ስትሪንግ በሁለት መስመር ከፍላችሁ ከጻፋችሁ መሃሉ ላይ ያልጠበቃችሁት ማብቂያ ይገባል።

## አምስተኛው፦ ጨርሶ አለማያያዝ

አሁን ወደ መጀመሪያው መመዘኛ እንመለስ። ስትሪንጉ የት ነው የሚሄደው?

መድረሻው ሲሪያል ከሆነ፣ በ9600 ፍጥነት አንድ ባይት ለመላክ 10 ቢት ያስፈልጋል። ይህ 1.04 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። 60 ባይት 62.5 ሚሊሰከንድ ይወስዳል። በሳይክል ሲቆጠር ልክ 1,000,000 ነው።

በጣም ቀርፋፋው መንገድ 1250 ሳይክል ነበር። ፈጣኑ 330። ልዩነታቸው 920 ሳይክል ከመላኪያው ጊዜ አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የሲሪያሉን ፍጥነት ከ9600 ወደ 38400 ብታደርጉት መላኪያው 15.6 ሚሊሰከንድ ይሆናል፤ የምትቀይሩት አንድ ቁጥር ብቻ ነው። ተቀባዩ የሚችል ከሆነ፣ ሉፕ ከመዘርጋታችሁ በፊት ይህን አድርጉ።

ከዚያም አልፎ ማያያዙ ራሱ አያስፈልግም። ተቀባዩ የሚያየው ባይት ተከትሎ ባይት ሲመጣ ነው። ከአንድ በፈር ይምጣ ከአምስት ቦታ፣ ለእሱ አንድ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ቁራጭ ከፍላሽ እያነበባችሁ ላኩ፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ቁጥሩን እየቀየራችሁ ላኩ፣ እንዲህ እንዲህ። የ61 ባይቱ በፈር ይጠፋል። የመሙላት ችግርም ከእሱ ጋር ይጠፋል። ሩቲኑ ከነመጠበቂያው 22 ባይት ብቻ ነው።

ልብ የሚባል ነገር፦ የሲሪያሉ ሬጂስተሮች እዚህ ቺፕ ላይ ከተለመደው የአድራሻ ክልል ውጪ ናቸው። በኢን እና በአውት አይደረሱም፤ ኤልዲኤስ እና ኤስቲኤስ ያስፈልጋል። የድሮ የኤቲሜጋ8 ኮድ ቀድታችሁ አሴምብለሩ ከተቆጣ ምክንያቱ ይህ ነው።

ሌላው፣ መላኩ 62.5 ሚሊሰከንድ እስኪወስድ ሴንሰሩ አዲስ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የሙቀቱ ቁጥር ከአንድ ንባብ፣ የእርጥበቱ ከሌላ ንባብ እንዳይሆን መላክ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለቱንም ወደ ጎን ቅዱ። ሁለት ባይት ናቸው።

ቺፑ እስኪላክ ድረስ ቆሞ እንዳይጠብቅ ከፈለጋችሁ በኢንተራፕት (ቺፑን ከያዘው ሥራ ለአፍታ አቋርጦ በሚጠራ ሩቲን) አድርጉት። የቁራጮቹ አድራሻ በትንሽ ዝርዝር ይቀመጣል፤ ሲሪያሉ "ባዶ ነኝ" ባለ ቁጥር ኢንተራፕቱ አንድ ባይት ይሰጠዋል። በመሃል ቺፑ አይድል በሚባለው የእንቅልፍ ደረጃ ሊተኛ ይችላል፤ ሲሪያሉ በዚያ ደረጃ ሥራውን አያቆምም። መብራት በማይደርስበት የመንዝ ገጠር በባትሪ ለሚቀመጥ ሣጥን ይህ ከማንኛውም የሳይክል ቁጠባ ይበልጣል።

መቼ አይሆንም? መድረሻው ሙሉውን በአንዴ ሲፈልግ ነው። ኤስዲ ካርድ የሚቀበለው በ512 ባይት ብሎክ ነው። ኤንአርኤፍ24ኤል01 ሬዲዮ በአንድ ፓኬት ቢበዛ 32 ባይት ይወስዳል። መልስ ካልመጣ ደግሞ መላክ የሚኖርበት ፕሮቶኮል ላይም የተያያዘ በፈር ይቀላል። ሞደሙ "ስንት ባይት ነው?" ብሎ አስቀድሞ ከጠየቀ ግን አትደንግጡ፤ የቁራጮቹን ርዝመት መደመር እንጂ ማያያዝ አያስፈልግም።

## በአንድ ላይ ሲታዩ

| መንገድ | ሳይክል ለ60 ባይት | ማይክሮሰከንድ | ኤስራም፣ ቃላቱንና በፈሩን ጨምሮ | በፈር ሲሞላ |
|---|---|---|---|---|
| ከመነሻ መፈለግ | 1250 | 78 | 120 ባይት | አያውቅም |
| ጫፍ መያዝ | 460 | 29 | 120 ባይት | በፍተሻ 655 ሳይክል |
| በርዝመት፣ ሳይዘረጋ | 420 ገደማ | 26 | 116 ባይት ገደማ | በቁራጭ አንድ ፍተሻ |
| በርዝመት፣ በጥንድ የተዘረጋ | 330 ገደማ | 21 | 116 ባይት ገደማ | በቁራጭ አንድ ፍተሻ |
| ጫፍ መያዝ፣ ቃላቱ ፍላሽ ላይ | 519 | 32 | 61 ባይት | በፍተሻ 714 ሳይክል |
| አለማያያዝ፣ ቃላቱ ፍላሽ ላይ | ማያያዣ የለም | መላኪያው 62,500 በ9600 | ቁጥሮቹ ብቻ | በፈር የለም |

## ለእናንተ የቱ ይሁን?

ለትምህርት ቤት ፕሮጀክት፣ ውጤቱ ኮምፒውተር ላይ በሲሪያል ለሚታይ፦ አምስተኛው። ሌላውን አታስቡት።

ለኤስዲ ካርድ መዝገብ፦ ጫፍ መያዝ፣ ቃላቱ ፍላሽ ላይ፣ ከነፍተሻው። የካርዱ ብሎክ ብቻ ከኤስራሙ ሩቡን ስለሚወስድ ኤስራም እንደ ልብ አይገኝም። 714 ሳይክል 45 ማይክሮሰከንድ ገደማ ነው፤ ካርዱ ራሱ አንድ ብሎክ ለመጻፍ ከዚህ እጅግ ይበልጣል።

ለኤስኤምኤስ፣ 2 ባይቱን ኮድ ራሳችሁ የምታዘጋጁ ከሆነ፦ በርዝመት። ምክንያቱን "ጀማ" ነግራናለች።

ለሬዲዮ ከሆነ ስትሪንግ አትላኩ። "ደብረ ብርሃን" ብቻውን ከ32ቱ ባይት 22ቱን ይወስዳል፤ "፣ ሙቀት " ሲጨመር አይገባም። ለየጣቢያው ቁጥር ስጡ፦ 1 ደብረ ብርሃን፣ 2 ጣርማ በር፣ 3 ሸዋ ሮቢት። የጣቢያ ቁጥር፣ ሙቀት፣ እርጥበት፤ 3 ባይት ይሄዳል። ቃላቱን ተቀባዩ ያያይዝ፤ እሱ ዘንድ መብራትም ሜሞሪም ይኖራል።

የተዘረጋው ሉፕ ቦታው የት ነው ታዲያ? ከኤስራም ወደ ኤስራም፣ በሰከንድ ብዙ ሺህ ጊዜ፣ ርዝመታቸው የማይለወጥ ቁራጮች ስታያይዙ። በዚህ ቺፕ ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ብዙም አይገጥምም። ከገጠማችሁም ቺፑ ራሱ ለሥራው ይበቃል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።

የአርዱይኖን ስትሪንግ በመደመር ምልክት እያያያዛችሁ ከሆነ ደግሞ፣ ወደ አሴምብሊ ከመዝለላችሁ በፊት ቋሚ በፈርና ጫፍ መያዝን በሲ ሞክሩ። እዚያ ያለው ችግር ሳይክል ሳይሆን ሜሞሪ መከፋፈል (ነጻው ቦታ እየተቆራረጠ መበታተኑ) ነው፤ ሣጥኑ ለቀናት ሲሠራ ይቆይና በድንገት ይቆማል።

ቁጥሮቼን እንዳለ አትመኑ፤ ለኩ። ታይመር1ን ያለማካፈያ አስነሱት፤ አንድ ቆጠራው አንድ ሳይክል ነው፣ እስከ 65535 ስለሚቆጥር ለዚህ ሥራ ይበቃል። ኢንተራፕት አጥፉ፣ ቆጠራውን አንብቡ፣ ሩቲኑን ጥሩ፣ እንደገና አንብቡ። ስታነቡ ታችኛው ባይት ይቅደም፤ ላይኛው ከእሱ ጋር ይያዛል። ከዚያ ሩቲን ሳትጠሩ አንድ ባዶ ልኬት ውሰዱና ቀንሱት። ቦርድ ከሌላችሁ የማይክሮቺፕ ስቱዲዮ ሲሙሌተርም የሳይክል ቆጣሪ አለው። ቺፑን በራሱ 8 ሜጋኸርዝ ብታሮጡት ሳይክሉ ያው ነው፤ ማይክሮሰከንዱ ግን እጥፍ ይሆናል። የሲሪያሉን የፍጥነት ቁጥርም እንደ አዲስ አስሉ፤ በ16 ሜጋኸርዝ ለ9600 የሚጫነው 103 ነበር፣ በ8 ሜጋኸርዝ 51 ነው።